ክዳኑን የሚከፍተው ሰው

«የገዛ አባቷ እኮ ነው። ውሻ እንኳ ቀን ሙሉ እንዲህ አይቆለፍበትም።»

ድምፁ የመጣው ከታች፣ ደረጃው ከሚታጠፍበት በኩል ነበር። ልብስ ተኳሿ የቤቷን በር ቆልፋ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዙራ ልትነቅለው ስትል ነው የሰማችው፤ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ሁለቱ ጎረቤቶቿ ደረጃ የመጥረግ ተራቸው ሲደርስ አብረው ይወጣሉ፤ መጥረጊያው ደረጃውን ሲጠርግ ምላሳቸው ደግሞ ነዋሪውን ከላይ እስከ ታች ይጠርገዋል። «ታዲያ ሰው አትቀጥርለትም?» አለች ሁለተኛዋ። «በምኗ? ስትተኩስ ውላ በምታገኛት?» አለች ያችው የመጀመሪያዋ፤ ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ጨመረች፣ እሱ ግን አልተሰማም። ተኳሿ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ጫማዋን ሆን ብላ እያስጮኸች ወረደች። ስታልፋቸው መጥረጊያቸውን ሰብስበው ግድግዳ ተጠጉላት። «እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት? አባባ ደህና አደሩ?» አሏት ማር በመሰለ አንደበት። «ደህና ናቸው፣ አመሰግናለሁ» ብላ አለፈች። አስፋልቱን እስክትሻገር ድረስ ፊቷ እንደ ካውያ ይግል ነበር። ያናደዳት ግን መታማቷ አልነበረም። ያሉት እውነት መሆኑ ነው።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መርሳት የጀመረው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ መነጽሩን ያስቀመጠበትን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ስም፣ ቀጥሎ ደግሞ ሚስቱ መሞቷን ረሳ። አንድ ቀን በፒጃማ ወጥቶ የአውቶቡስ መነሻው ድረስ በእግሩ ሄደና የሌላ ሰው መሪ ጨብጦ አልወርድም አለ። ሌላ ቀን ጋዙን ከፍቶ ክብሪት ሲፈልግ ደረሰችበት፤ ክብሪቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጋዙን አውጥታ የሸጠችው ከዚያ በኋላ ነው። ቁልፉን ሁለቴ ማዞር የለመደችውም ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለታላቅ ወንድሟ ደውላ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ይዞላት እንዲውል ለምናው ነበር። ወንድሟ ከረባት አስሮ ቢሮ የሚገባ፣ ስልክ ሲያነሳ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ የሚጀምር ሰው ነው። «ጊዜው ከየት ይመጣል እህቴ? ደግሞስ እሱ የለመደው አንቺን ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ የሚደዋወሉት ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ።

ጋዙ በወጣበት ቦታ የገባችው ድስት ናት። ከምትሠራበት ልብስ ንጽሕና ቤት ደንበኞች አንዷ ቤት ስትቀይር የሰጠቻት ስሎው ኩከር፦ በኤሌክትሪክ ቀስ ብላ የምታበስል፣ ውስጧ ከባድ ሸክላ፣ ክዳኗ መስታወት። «ጠዋት ሞልተሽ ሰክተሻት ትሄጃለሽ፤ ማታ ስትመለሺ ማንኪያ ብቻ ነው የሚቀርሽ» ነበር ያለቻት ደንበኛዋ። ነበልባል የላት፣ የሚከፈት ጋዝ የላት፤ ተኳሿ ይህን ስትሰማ አምላክ የላከላት መሰላት። ለምሳው ዳቦና ወተት ጠረጴዛ ላይ ትተውለታለች፣ ማታ ደግሞ ሁለቱም ትኩስ ነገር ይበላሉ። ነገሩ ግን እንደተወራላት አልሆነም። መጀመሪያ ሰሞን ሥጋው በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ሆኖ ይቆያት ነበር፤ ካለፈው ወር ወዲህ ግን ስትመለስ የምታገኘው እንደ ጫማ ሶል የሚጎተት ሥጋ፣ ሲነክሱት የሚጮህ ካሮት፣ ከላይ የቀጠነ መረቅ ነው። ውሃ የጨመረችበት አይመስላትም፣ ግን ውሃ አለው። የድስቷን ግለት ወደ ላይኛው ያደረገችው አይመስላትም፣ ግን ማዞሪያዋ አንዳንድ ቀን ወደ ላይኛው ዞሮ ይቆያታል። ለአባቷ ነገረችው፤ አባቷ በጥሞና ሰማትና «ሥራ አስኪያጁን አነጋግሪ» አላት።

ሌላም ነገር ነበር። እንቅልፏ ከብዶ ነበር። እራት በልታ ሳህኑን ሳታነሳ ወንበር ላይ ይዟት ይሄዳል፤ ጠዋት ስትነሳ አፏ ደርቆ፣ ራሷ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከብዶ ነው። በቀደም ቆማ ስትተኩስ ዓይኗ ተከድኖ የሰው ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠለች፤ የልብስ ንጽሕና ቤቱ ባለቤት «ዳግመኛ እንዳይለመድሽ» ብሏታል። አባቷም እንዲሁ ነው። በፊት ማታ ማታ የድሮ መስመሮቹን፣ ማን የት እንደሚወርድ እየተረከ ያስቃት ነበር፤ አሁን ገና በር ስትከፍት አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ታገኘዋለች። ሐኪሙ በሽታው ቁልቁል የሚሄድ መሆኑን ነግሯት ስለነበር ይሄ ነው ማለት ነው ብላ ተቀብላው ነበር። ስለራሷ ግን ምን ማለት እንዳለባት አላወቀችም። ድካም ነው አለች።

ዛሬ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ሁሉንም እንደ ሕጉ ነው የሠራችው። ማታ የነከረችውን ቦሎቄ መኝታ ቤቷ ውስጥ ቆልፋ በምታስቀምጣት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አድርጋ ደህና አድርጋ አፈላችው፤ ቦሎቄ ሳይንተከተክ እንዲሁ ስሎው ኩከር ውስጥ ከገባ ሆድ እንደሚያበላሽ ሰምታለች። ጅማት የበዛበትን ሥጋ ነው የገዛችው፤ ለስላሳው ዋጋው አይቀመስም፣ ደግሞም ለእንዲህ ዓይነት ድስት ጅማታሙ ነው የሚሻለው። ፊቱን በዘይት ጠበስ ጠበስ አደረገችው። ድንቹንና ካሮቱን ከታች፣ ሥጋውን ከላይ፣ ውሃ በጥቂቱ፤ እንፋሎቱ ክዳኑን መትቶ ተመልሶ ይወርዳልና ብዙ አያስፈልግም። ከዚያ ከደነች፣ ማዞሪያዋን ወደ ታችኛው አደረገች፣ እጇን በፎጣ ጠርጋ ቆማ አየቻት። አባቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ።

«ሰውዬው ዛሬም ይመጣል?» አላት።

«የቱ ሰውዬ፣ አባዬ?»

«ክዳኑን የሚከፍተው።»

የሸሚዙን ቁልፎች ፈትታ እንደገና ትቆልፍለት ጀመር። «ማንም አይመጣም። በሩ ዝግ ነው።»

«እሱማ ዝግ ነው» አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሥራ ቦታዋ ስትደርስ ይህ ንግግር እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ነበር። ልብስ ንጽሕና ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ የሚያሳይ ረጅም ክፍል ነው። ከፊት ለፊት መቀበያው፣ መሐል ላይ በፕላስቲክ ተሸፍነው የተሰቀሉ ኮቶችና ቀሚሶች፣ ከኋላ ማሽኖቹ። እንፋሎቱ ክረምት ከበጋ አይለይም። አጣቢዋ ሴትዮ ከሁሉም የቆየች ስለሆነች እማማ ሳሙና ይሏታል፤ እሷን ደግሞ ተኳሿ። አባቷ አእምሮው ሳለ፣ ሰው ልጅህ ምን ትሠራለች ሲለው «ተኳሽ ናት፤ ጦር ሜዳ ግን አትሄድም» እያለ ይስቅ ነበር። ይህን ቀልድ ለባልደረቦቿ ነግራቸው ስቀዋል፤ አባቷ አሁንም በሕይወት እንዳለ ግን አልነገረቻቸውም። አለ ካለች ከማን ጋር ይውላል ይሏታል።

ረፋድ ላይ ማሽኖቹ ሲዞሩ፣ እማማ ሳሙና ከባልዲ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን እየጠጣች ስለ ድስቷ ጠየቀቻት። ድስቷ የክፍሉ ሁሉ ጉዳይ ሆናለች፤ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ እንኳ በስልኳ ያየችውን ምክር ትወረውራለች። ተኳሿ አንገቷን በአንሶላው ላይ እንዳቀረቀረች፣ ቦሎቄውን እንዳፈላች፣ ሥጋውን እንደጠበሰች፣ ማዞሪያዋን ወደ ታችኛው እንዳደረገች አንድ በአንድ ነገረቻት።

«እንዲያ ከሆነ አንቺ ጋ ጥፋት የለም» አለች እማማ ሳሙና። «ክዳኑ ነው። የዚች ድስት ሙቀቷ እኮ ትንሽ ነው፤ አንዴ ከተከፈተች እስክትመለስ ድረስ ስንት ደቂቃ ይወስድባታል። ደጋግሞ የሚከፍታት ሰው ካለ ምሽቱንም ብትጨምሪላት አትበስልም። የሚከፍታት አለ።»

«ቤት ማንም የለም» አለች ተኳሿ፣ ቶሎ ብላ።

«እንግዲያስ መንፈስ ነው የሚበላልሽ።»

የመቀበያዋ ልጅ ሳቀች፣ እማማ ሳሙናም ሳቀች። ተኳሿም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። ያለፉት ሳምንታት አንድ በአንድ ተመለሱባት። አንድ ማታ ሳህን ማድረቂያው ላይ ታጥበው የተገለበጡ ሁለት ሳህኖች አግኝታለች፤ አባቷ ሳህን አጥቦ አያውቅም፣ ጤነኛ ሳለም። ሌላ ማታ የአባቷ ነጠላ ጫማ አልጋው ሥር ሳይሆን በሩ ሥር ተሰድሮ ነበር። ሁሉንም ለበሽታው ሰጥታ ዝም ብላ ነበር፤ በሽታው ሁሉን ይችላል ብላ።

መብራቱ የጠፋው ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። ማሽኖቹ አቃስተው ቆሙ፤ ክፍሉ ውስጥ የቧንቧ ጠብታ ብቻ ቀረ። ባለቤቱ ወጥቶ መንገዱን ግራ ቀኝ አየና ሠፈሩ ሁሉ እንደጠፋ ተናገረ። ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ «ዛሬ የሚመጣ አይመስልም፤ ነገ በጊዜ ግቡ» ብሎ አሰናበታቸው። ሌሎቹ እንደ ተማሪ ደስ ብሏቸው ወጡ። ተኳሿ የመጀመሪያ ሐሳቧ ድስቷ ነበረች። ለብ ብላ ከቆየች ሥጋው ይበላሻል፤ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ እንዳልተበላሸ ሆና ታፈላዋለች፣ ሰው በምን ያውቃል? ቶሎ ደርሳ ማውጣት አለባት። እየተጣደፈች ሄደች፤ ሱቆቹ ጨለማ ሆነው ባለሱቆቹ በራፍ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፣ ሥጋ ቤቱ ማቀዝቀዣውን በብርድ ልብስ እየሸፈነ ነው። ከሕንፃው መግቢያ ጀምሮ ደረጃው ድንግዝግዝ ብሏል። የጠዋቶቹ ጎረቤቶቿ የሉም።

ቁልፉን ከተተችና አዞረች። ባንድ ዙር ተከፈተ።

እንደቆመች ቀረች። ጠዋት ሁለቴ እንዳዞረችው እርግጠኛ ነበረች፤ ጎረቤቶቿን የሰማችው እኮ ሁለተኛውን እንዳዞረች ነው። በተከፈተችው ቀዳዳ የሰው ድምፅ ወጣ፤ የወንድ፣ ለስለስ ያለ፣ ልጅ የሚያባብል ዓይነት ድምፅ። «አንድ ማንኪያ ብቻ። በቃ፣ የመጨረሻዋ ናት። ዋጣት።» መጀመሪያ እግሯ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ድምፁን አወቀችው። በልጅነቷ ስትታመም መራራ መድኃኒት ያስውጣት የነበረው ያው ድምፅ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ከአባታቸው ፊት ለፊት ዝቅ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ኮቱ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፣ ከረባቱ ላላ ብሏል፤ እግሩ ላይ ያጠለቀው የአባታቸውን ነጠላ ጫማ ነው። በአንድ እጁ ሳህን፣ በሌላው ማንኪያ ይዟል። ከኋላው ድስቷ ተከፍታ፣ ክዳኗ ጠረጴዛው ላይ ተዘርሮ፣ ካሮቱ ከነጥሬነቱ ይታያል። ከክዳኑ አጠገብ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ፣ ማስቀመጫው ላይ የማንኪያ ጀርባ ያደቀቀው ነጭ ዱቄት፣ ከጎኑ ደግሞ ክኒን የሚታሸግበት ብልጭ ብልጭ የሚል ቅጠል። ወንድሟ እሷን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቅጠሉን አንስቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ መክተት ነው።

«በዚህ ሰዓት ምን ትሠሪያለሽ?» አላት።

«መብራት ጠፋ።» በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። «በምን ገባህ?»

«በእማዬ ቁልፍ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ማንኪያውን ከጎኑ አስተካከለ። ከሥራ ከወጣ ወር አልፎታል፤ ቀንሰውታል። ሚስቱ አታውቅም። ጠዋት ከረባቱን አስሮ ይወጣል፣ ማምሻውን ይመለሳል፤ መሐሉን የሚያሳልፍበት ቦታ ያስፈልገው ነበር። መጀመሪያ ካፌ ነበር፣ ካፌ ያስወጣል። ከዚያ የእናታቸው ቁልፍ ትዝ አለው። ይህን ሁሉ የተናገረው መሬት መሬት እያየ፣ ለአለቃው ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው አስተካክሎ ነው። ተኳሿ እየሰማችው ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እሷ በሩን በቆለፈች ቁጥር እያለቀሰች ስትወርድ፣ እሱ መንገድ ማዶ ሆኖ እስክትሄድ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ «እኔ አለሁ፣ አትቆልፊበት» ማለት ይችል ነበር።

«ዱቄቱስ?» አለችው።

«የእንቅልፍ ክኒን ነው። ሐኪም ለኔ ያዘዘው ነው፣ መርዝ አይደለም። አንቺ ስትሄጂ ምን እንደሚሆን አታውቂም። በሩን ይደበድባል፣ ይጮኻል፣ አውቶቡሱ አመለጠኝ ይላል። እኔ ደግሞ እዚህ መዋሌ አንቺ ጆሮ እንዲደርስ አልፈልግም። ግማሽ ግማሽ ነበር የምሰጠው። እንዲያርፍ ብዬ ነው።»

«የሚተርፈውንስ? ሳህኑ ላይ የሚተርፈውን ምን ታደርገዋለህ?»

ዓይኑ ወደ ድስቷ ሄደ። መልሶ ይጨምረዋል። ውሃ ጠብ አድርጎ፣ ግለቷን ወደ ላይኛው አዙሮ፣ ይከድነዋል። ማታ እሷ እየበላችው ኖራለች። የተቃጠለው ኮሌታ፣ የደረቀ አፏ፣ ወንበር ላይ ይዟት የሚሄደው እንቅልፍ። የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ ስትለው ኖራለች፤ ያን ቃል ልትል አፏ አልታዘዝ አላት።

«አንተ ሰው» አለችው፣ «ልትገድለን ነበር።»

«ምን ለየን?» አለ ወንድሟ። ቀና ብሎ ያያት ያን ጊዜ ነው፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ በእርግጥ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። «አንቺ በቁልፍ ታስቀምጪዋለሽ፣ እኔ በክኒን። ሁለታችንም ጸጥ እንዲልልን ነው የፈለግነው። ምን ለየን?»

ከእሱ ዞር ስትል ነው አባቷን ያየችው። የመጨረሻዋ ማንኪያ አልተዋጠችም፤ በከንፈሩ ጥግ መረቁ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዓይኖቹ ግማሽ ተከፍተዋል፣ ነገር ግን የሚያዩት የለም። «አባዬ» አለችው። ትከሻውን ነቀነቀችው። ጉንጩን መታ መታ አደረገችው። ትንፋሹ እየራቀ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ አንዴ እየመጣ ነበር። ጣቷን አፉ ውስጥ ከታ ምግቡን አወጣች፤ እጁ እንደ እርጥብ ልብስ ከጭኑ ላይ ወደቀ።

«ስንት ሰጠኸው?»

ወንድሟ ተነስቶ ቆሟል። «ቴሌቪዥኑ ጠፋበት። እምቢ አለ፣ ሊረጋ አልቻለም... ትንሽ ጨመርኩለት።»

ሊፍቱ ቆሟል። ከነወንበሩ አንስተው አወጡት፤ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ሆነው፣ ደረጃውን በጭለማ ወረዱ። ስትደክም ትቆማለች፣ እሱም ይቆማል፤ ስታነሳ ያነሳል። ልጆች ሳሉ የእናታቸውን ቁምሳጥን እንዲህ አድርገው አውርደው ያውቁ ነበር። ከሁለተኛው ፎቅ በር ተከፈተና ከጠዋቶቹ ጎረቤቶች አንዷ ሻማ ይዛ ብቅ አለች። ወንድሟን ስታይ ፊቷ በአክብሮት ተለወጠ። «ውይ ዶክተር፣ ምን ሆኑብን?» አለችው። ተኳሿ ያኔ ገባት፦ ወንድሟን የማያውቁት ጎረቤቶቿ በየቀኑ ከረባት አስሮ የሚመጣውን ሰው ሐኪም አድርገውታል፤ ሽማግሌውን የሚያስታምም ደግ ሐኪም፣ ከጨካኝ ልጅ የተሰወረ። ጠዋት በዝቅተኛ ድምፅ የተጨመረችው ነገር ይህች ሳትሆን አትቀርም። ወንድሟ «ትንሽ ደክሟቸው ነው፣ እትዬ» አላት፣ በእውነተኛ ሐኪም ድምፅ። ሴትዮዋ ሻማዋን ከፍ አድርጋ መንገድ አበራችላቸው፤ ብርሃኑን ግን ወደ እሱ ነበር ያደረገችው።

በታክሲ ያደረሱበት የሠፈሩ ክሊኒክ በጀኔሬተር ይሠራ ነበር። አባቷን ተቀብለው መጋረጃ ጋረዱና አንዲት ወጣት፣ ፈጣን ነርስ ወጥታ፣ እጇን ጓንት ውስጥ እያስገባች፣ ምን እንደወሰደ ጠየቀቻቸው። ተኳሿ ወንድሟን አየችው። እንዲናገር ጠበቀችው። ከደረጃው ላይ ጀምሮ እየጠበቀችው ነበር፤ አሁን ግን ሰከንዱ ራሱ ከአባቷ ዕድሜ ላይ እየተቆረጠ እንደሆነ ታያት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ወንድሟ። «ምግቡን የምትሠራለት እሷ ናት። ቀን ሙሉ ቆልፋበት ነው የምትሄደው። ጎረቤት መጠየቅ ትችላላችሁ።»

ነርሷ ወደ እሷ ዞረች። ተኳሿ ወንድሟ ክንዱ ላይ ወዳጣጠፈው ኮት ተጠጋች፣ ኪሱ ውስጥ እጇን ከተተች፣ ቅጠሉን አወጣችና የነርሷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ሊከለክላት አልሞከረም። «የማን ነው?» አለች ነርሷ። ጀኔሬተሩ ብቻ ይጮኻል። «የማን ነው አልኩ፤ ጊዜ የለኝም።»

«የኔ» አለ ወንድሟ በመጨረሻ።

ነርሷ ቅጠሉን ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። መሐላቸው ሌላ ሰው ሊቀመጥ የሚችል ቦታ ነበር፤ አንድ ታማሚ ልጅ የያዘች እናት መጥታ አየችና ትታው ቆመች። ተኳሿ እጇን ታያለች፤ መረቁ ጣቷ ላይ ደርቆ ነበር። በቀደም ማታ አባቷ እንዲህ ሲያንቀላፋ፣ ተመስገን፣ ዛሬ ቶሎ ተኛልኝ ብላ ነበር። ይህን ለማንም አትናገርም። ወንድሟ የጠየቃት ጥያቄ ግን እዚያው ጎኗ ተቀምጦ ነበር።

ብዙ ቆይቶ ሐኪሙ ወጣና ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ የሚያደርገው ነገር እንዳልነበረ ነገራቸው። ተርፏል። ዛሬ ግን እዚሁ ያድራል፤ ነገ ደግሞ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ መጥታ ሁለቱንም ታነጋግራለች፤ ከዚህ ሲወጣ ከማን ጋር እንደሚውል መታወቅ አለበት። ሐኪሙ ይህን ሲናገር አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየ፣ የትኛውን ማመን እንዳለበት እንዳልወሰነ ሰው ነበር።

«ለሚስትህ ደውልላት» አለች ተኳሿ፣ ሐኪሙ እንደሄደ።

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን። ነገ ባለሙያዋ ፊት ከምትሰማው ዛሬ ካንተ ትስማው።»

ስልኩን አውጥቶ ብዙ ጊዜ መዳፉ ላይ አገላበጠው። ፊቱ ድንገት ያረጀ መሰላት፤ ልታዝንለት ምንም አልቀራትም ነበር። ደወለ። ሲነሳለት ጀርባው ቀና አለ፣ ድምፁ ሞቅ አለ። «ስብሰባ ላይ ነኝ የኔ ቆንጆ» አለ። «ዛሬ ትንሽ ያመሽብኛል። አይ፣ ምንም የለም። እሺ፣ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ።» ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ፤ ዞር ብሎም አላያትም። «ነገ ጠዋት እኔ እዚህ እሆናለሁ» አላት። «አንቺ ሥራሽ ሂጂ። ሌላ ማን አለሽ?»

ተኳሿ ተነሳች። ነርሷ ወደ ተቀመጠችበት ጠረጴዛ ሄደች። ወንድሟ እንዲሰማ ድምጿን አልቀነሰችም። «አባቴ እስኪወጣ ድረስ ከኔ በስተቀር ማንም እንዳይገባበት» አለች። «ከኔ እጅ ካልሆነ ምንም እንዳይበላ።»

«ወንድምሽም?»

«ወንድሜም።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልታዝንላት ፈልጋ እንዴት እንደምታዝንላት የጠፋት ትመስል ነበር። «እሺ» አለች። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽ ነቅተዋል። ልጅሽ ውጪ አለች፣ ልጥራት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹የምትቆልፍብኝን አልፈልግም› አሉኝ።»

መጋረጃው ከኮሪደሩ መጨረሻ ነበር። ተኳሿ ወደዚያ ተራመደች፤ ስትቀርብ ድምፁ ተሰማት፣ የደከመ፣ ግን በጥራት የሚሰማ የአባቷ ድምፅ።

«ሰውዬው የት ሄደ?» ይላል። «ምሳዬን የሚያበላኝ ሰውዬ። ጥሩልኝ እስቲ።»